ሐይ ለምን ወደ ደሴቱ ተመለሰ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ጠብቆኝ፣ «ኡስታዝ፣ ሰው በዐቅሉ አላህን ማወቅ ከቻለ፣ ከማያስተነትን ሕዝብ ጋር ተሰልፎ መስገድ ምን ይጨምርለታል? ክፍሌን ዘግቼ ብቻዬን ስሆን ልቤ ይበልጥ ይሰበሰባል» አለኝ። አልተቆጣሁትም። እኔም ኮሌጅ ሳለሁ በዚሁ በሽታ ታምሜ ነበር። ፍልስፍና ቀመስኩ ብዬ እናቴ በምታውቃቸው ጥቂት ሱራዎች ስትሰግድ በልቤ የናቅኋት ጊዜ ነበር። አላህ ይማረኝ።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በግራናዳ አቅራቢያ በምትገኘው ዋዲ አሽ የተወለደውና እ.ኤ.አ. በ1185 በመራኪሽ የሞተው ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ጡፈይል፣ «ሐይ ኢብን የቅዛን» በተሰኘው ድርሰቱ አንስቶታል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1671 በኦክስፎርድ በላቲን ታትሞ የአውሮፓን ሊቃውንት አነጋግሯል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሐይ ሰው በሌለበት ደሴት ያደገ ሕፃን ነው። ያጠባችው ሚዳቋ ናት። አንድ ቀን ሚዳቋዋ ሞተች። ቢጠራት አልሰማችም። አካሏን ቢመረምር ጉድለት አላገኘም። ደረቷን ከፍቶ ልቧን ሲያይ፣ ይወዳት የነበረችው «እርሷ» ገላዋ እንዳልነበረች፣ ከውስጧ ተለይቶ የሄደ ነገር እንዳለ ተረዳ። ከዚያ ተነስቶ ስለ ነፍስ፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ከዋክብት እያስተነተነ፣ ሁሉን ያስገኘ አንድ ፈጣሪ መኖሩን አወቀ።

ከዓመታት በኋላ አብሳል የሚባል ዓቢድ ከሌላ ደሴት መጣ። ቋንቋ አስተማረው፤ ነቢይ ያመጣውን ሃይማኖትም ነገረው። ሐይ በዐቅሉ ከደረሰበት ጋር የሚቃረን ነገር አላገኘበትም። ደስ ብሏቸው ሕዝቡን ሊያስተምሩ ተሻገሩ። የዚያ አገር መሪ የአብሳል ጓደኛ ሰላማን ነበር። ሰላማን በጀማዓ መኖርን የሚያጠብቅ ሰው ነው። ሐይ ከላይ ከላዩ አልፎ የነገሩን ውስጥ መናገር ሲጀምር ግን ሰዎቹ ፊታቸውን አጠቆሩ። በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቋቸው፣ ሸሪዓቸውን አጥብቀው እንዲይዙ መክሮ፣ ከአብሳል ጋር ወደ ደሴቱ ተመለሰ።

አድማጮቻችን፣ ሐይ የሕዝቡን ሸሪዓ አለመናቁ ትልቅ አደብ ነው። መመለሱ ግን ልቤን አይሞላውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሒራ ዋሻ ብቻቸውን ያስተነትኑ ነበር። ወሕይ ሲመጣላቸው ግን እየተንቀጠቀጡ ወደ ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ቤት ወረዱ። ዋሻውን መኖሪያ አላደረጉትም። በጧኢፍ በድንጋይ ተደብድበው እንኳ ከሕዝባቸው አልሸሹም። ከሰዎች ጋር እየኖረ ጉዳታቸውን የሚታገስ ምእመን ከማይቀላቀለው እንደሚበልጥም አስተምረውናል።

ደራሲው ራሱስ? ደሴት ፍለጋ አልሄደም። የሙወሒዶች ኸሊፋ የአቡ የዕቁብ ዩሱፍ ሐኪም ሆኖ አገለገለ። ኢብን ሩሽድን ኸሊፋው ፊት ያቀረበውና የአርስቶትልን መጻሕፍት እንዲያብራራ ያበረታታው እርሱ ነው። ሰው በዕውቀት ከፍ ሲል ለሌላው መሰላል መያዝ እንዳለበት በሕይወቱ አሳይቷል።

ለዚያ ወጣት የመለስኩለት ይህን ነው፦ «ሐይን ወደ ፈጣሪው የመራው የመጀመሪያ ጥያቄ ከየት መጣ? ካጠባችው ሚዳቋ ሞት አይደለምን? ባይወዳት ኖሮ ምን ጠፋ ብሎ ይፈልግ ነበር? ማስተንተንህ መልካም ነው፤ ቁርኣንም ስለ ሰማያትና ምድር አፈጣጠር የሚያስተነትኑትን ያወድሳል። ነገር ግን ያጠባችህን ንቀህ ወደ አላህ የምትወጣበት መንገድ የለም።»

ወላጆችም አደራ አለብን። ልጃችን ሲጠይቅ «ዝም በል፣ ከፈርክ» ብለን ፊታችንን ካጠቆርንበት፣ ወደ ደሴቱ የምንሸኘው እኛው ነን። መልሱን ባናውቅ እንኳ «ና፣ አብረን ዓሊም እንጠይቅ» እንበለው።

አላህ ዐቅላችንን በወሕይ ብርሃን ያብራልን፤ ልጆቻችንንም ከጀማዓው አይለይብን። ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።