አንድ መዝገብ፣ ብዙ በር
የተጠቃሚዎች ማውጫ በይፋት ቆላ መሥሪያ ቤቶች



በ1833 ዓ.ም. ክረምት ከታጁራ ተነሥቶ በረሓውን ያቋረጠው የእንግሊዝ መልእክተኛ የሻምበል ዊልያም ሐሪስ ጓዝ፣ በይፋት ቆላ ጫፍ ፋሬ ከተባለው ስፍራ ደረሰ። የአገሩ ገዥ ወላስማ መሐመድ እንግዶቹን ቢቀበልም በገዛ ሥልጣኑ ወደ ደጋው አላሳለፋቸውም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፈቃድ መጠየቅና መጠበቅ ነበረበት። የሸዋ የምሥራቅ በር ጠባቂ ተግባር ይኸው ነበር፤ በሩ በእጁ ነው፣ ውሳኔው ግን ከሌላ ስፍራ ይመጣለታል።

የዛሬው ርእስ ከዚህ አሠራር ብዙ አይርቅም። የድረ ገጽ መተግበሪያ በር ነው፤ የተጠቃሚዎች ማውጫ ደግሞ በሩ የሚጠይቀው መዝገብ ነው። ይህ አሠራር እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ከተማ እንዴት ሊተከል እንደሚገባ መመርመር የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ሸዋ ሮቢት ከጣርማ በር ቁልቁለት በታች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቀወት ምድር ከተማ ናት። አካባቢው ወባማ ነው፤ በተለይም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በሽታው ይበረታል። የወባ ሪፖርትም በየሳምንቱ ወደ በላይ መተላለፍ ይኖርበታል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚሠራ አንድ የጤና ባለሙያ ለሕሙማን መዝገብ አንድ፣ ለሪፖርት ሌላ፣ ለመድኃኒት ግምጃ ቤት ደግሞ ሦስተኛ የይለፍ ቃል ቢሰጠው፣ ሦስቱንም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከጠረጴዛው መስታወት ሥር ማኖሩ አይቀርም። ወደ ሌላ ወረዳ በተዛወረም ጊዜ ንብረት ያስረክባል፣ ክሊራንስ ይዞ ይሄዳል። በሦስቱ መተግበሪያዎች ውስጥ ያለው ስሙ ግን የሚሰርዘው ሳያገኝ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በዚያ ስም የተጻፈው ሁሉ በማን እጅ እንደ ተጻፈ የሚያስረዳ አይገኝም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው አሳብ የተወለደው ከስልክ ማውጫ ጎረቤት ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አማካሪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1988 ኤክስ 500 የተባለውን የማውጫ ደንብ አወጣ። ደንቡ ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ኤልዳፕ የሚባል ቀለል ያለ ደንብ ታተመ። ሦስተኛው እትሙ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጥቶ በ2006 ታርሟል። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 2000 ጋር ያቀረበው አክቲቭ ዳይሬክተሪም ሆነ በነፃ የሚገኘው ኦፕን ኤልዳፕ በዚሁ ደንብ ይነጋገራሉ።

አሠራሩ በሦስት እርምጃ ይፈጸማል። በመጀመሪያ ተጠቃሚው የመግቢያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ለመተግበሪያው ይሰጣል። ቀጥሎ መተግበሪያው፣ ለፍለጋ ብቻ በተፈቀደለት በራሱ መለያ ማውጫውን ከፍቶ በዚያ ስም የተመዘገበውን ሰው ይፈልጋል፤ የሚገኘውም አንድና አንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት። በመጨረሻም በተገኘው ሙሉ አድራሻና ተጠቃሚው በሰጠው የይለፍ ቃል እንደገና ወደ ማውጫው ያመለክታል። ማውጫው «አዎን» ካለ በሩ ይከፈታል፣ «አይደለም» ካለ ይዘጋል። መተግበሪያው የማንንም የይለፍ ቃል በራሱ ዘንድ አያስቀምጥም። የአሠራሩ ዋና ጥቅም ይህ ነው።

ሆኖም ሥራው በሦስት ስፍራ ጥንቃቄ ይሻል። አንደኛው የይለፍ ቃሉ ባዶ ሆኖ ሲመጣ ነው። በኤልዳፕ ደንብ ስም ኖሮት የይለፍ ቃል የሌለው ማመልከቻ ማንነቱ እንዳልተረጋገጠ እንግዳ ይቈጠራል፤ አንዳንድ ሰርቨር ግን ለእንግዳውም «ተሳክቷል» ብሎ ይመልሳል። መተግበሪያው ይህን መልስ እንደ ማረጋገጫ ከወሰደ ስም ያወቀ ሁሉ ይገባል። ስለዚህ ባዶ የይለፍ ቃል ገና ማውጫው ዘንድ ሳይደርስ መመለስ ይገባዋል። ሁለተኛው፣ በመግቢያው ስም ውስጥ የኮከብ ምልክት፣ ቅንፍ ወይም የኋሊት ሰረዝ ሲጻፍ የፍለጋው ትርጉም እንዳይለወጥ ምልክቶቹን አስቀድሞ ማምከን ነው። ሦስተኛው መስመሩ ነው። በ389 ቁጥር በር የሚያልፈው ተራ ማመልከቻ የይለፍ ቃሉን እንደ ተጻፈ ይዞ ስለሚሄድ፣ በዚያው በር ላይ ምሥጠራ ማስጀመር ወይም ምሥጠራ ባለው በ636 መጠቀም፣ የሰርቨሩንም የምስክር ወረቀት መመርመር ግዴታ ነው።

ከዚህ ላይ የአገራችንን ስም አጠራር የሚነካ ነገር ይነሣል። የማውጫው መደበኛ የሰው ቅጽ የቤተሰብ ስም ካልተሞላ አይቀበልም። ኢትዮጵያዊ ግን የራሱንና የአባቱን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። ስለሆነም በዚያ ቦታ የአባት ስም እንዲገባ ከመጀመሪያው ተደንግጎ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት መሆን ይገባዋል። የኤልዳፕ ሦስተኛ እትም የዩኒኮድን ፊደላት ስለሚቀበል ስሙን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን ለኮምፒዩተር «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው፤ «መሐመድ» እና «ሙሃመድም» እንዲሁ። በይፋት ደግሞ መሐመድ፣ ሰይድና አሕመድ የሚባሉ ሰዎች በአንድ መሥሪያ ቤት ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ መግቢያው ስም ሳይሆን የማይለወጥ የሠራተኛ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል፤ ስሙ ለማንበቢያ ብቻ ይቀመጥ። የፋይዳ ቁጥርን ለዚህ ማዋል ግን የግል መረጃን ያለ አስፈላጊነት በየመተግበሪያው መበተን ይሆናል። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግም ጉዳይ ነው።

ማንነትና ሥልጣንም መለየት አለባቸው። የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ሥርዓት የይለፍ ቃልን በኤልዳፕ ማውጫ አስመርምሮ ማስገባት እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል፤ ነገር ግን ተጠቃሚው በሥርዓቱም ውስጥ አስቀድሞ ተመዝግቦ የሥራ ድርሻውና የሚያየው ወረዳ ሊወሰንለት ይገባል። ማውጫው ሰውየው ማን እንደ ሆነ ይመሰክራል እንጂ ምን እንዲሠራ እንደ ተፈቀደለት አይወስንም።

እስከዚህ የተባለው ለአዲስ አበባም ለሸዋ ሮቢትም እኩል ይሠራል። ልዩነቱ የሚመጣው መስመሩ ሲቋረጥ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቆ ከተማዋ ለጥቂት ቀናት በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታ ነበር። በጦርነቱም በአማራ ክልል ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ማውጫው በሩቅ ከተማ ብቻ ከሆነ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ፣ በከተማዋ ሰርቨር ላይ ያለው የሕሙማን መዝገብ ደህና ሆኖ ሳለ አዋላጅ ነርሷ መግባት አትችልም። ማውጫው በአንድ ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ይዘረፋል።

ስለዚህ ዋናው መዝገብ በማእከል ሆኖ፣ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ቅጂ ከመተግበሪያው አጠገብ መቀመጥ ይገባዋል። መተግበሪያው ራሱ አዲስ አበባ ላለ ሰርቨር የተሰጠ ከሆነ የቅርብ ቅጂ አይጠቅምም፤ እዚያው ከተማ ላለ መተግበሪያ ግን የሥራው ሕይወት ነው። ኦፕን ኤልዳፕ ቅጂው መስመር ሲያገኝ ለውጡን ከዋናው እንዲስብ ያደርጋል። ማይክሮሶፍትም ጥበቃቸው ደካማ ለሆነ ቅርንጫፍ ቢሮዎች ሲባል፣ የተመረጡ ሰዎችን የይለፍ ቃል ብቻ የሚይዝ የማይጻፍበት ሰርቨር ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጋር አቅርቧል። ቅጂው ሊዘረፍ እንደሚችል ታስቦ የዚያን ወረዳ ሠራተኞች ብቻ ይያዝ፤ ዲስኩም ይመስጠር። ከጠፋም በውስጡ ስማቸው የነበረ ሁሉ የይለፍ ቃላቸው በዚያው ቀን ይለወጥ።

ቅጂ ሲኖር የሚከፈል ዋጋም አለ። መስመር በተቋረጠበት ጊዜ በማእከል የተሰረዘ ሰው በቅጂው ላይ ገና አለ። ስለዚህ ቅጂው ሳይታደስ ስንት ቀን ሊታመን እንደሚችል የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወስን። ቀኑ ሲያልፍ ለሕክምና ሥራ ከተፈቀዱት በቀር ሌላው ይዘጋ። በታሸገ ፖስታ በካዝና የሚቀመጥ አንድ የአደጋ ጊዜ መለያም ይኑር፤ የከፈተው ሰው ስሙን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን በመዝገብ ይፈርም።

የማኅበሩ አባላት ለወረዳ መሥሪያ ቤቶች መተግበሪያ በሚነድፉበት ጊዜ፣ ከኮዱ በፊት በክሊራንስ ቅጹ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ቢጠይቁ ከሁሉ የቀለለውን ጥበቃ ያገኛሉ። «ከተጠቃሚዎች ማውጫ ተሰርዟል» የሚለው ቦታ ሳይፈረምበት ክሊራንሱ አይሰጥ። ይህን ፊርማ ማንኛውም የሰው ኀይል አስተዳደር ክፍል ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊያስፈጽመው ይችላል።