አብሮ የማየት ጸጋ



ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ሲጀመር፣ ስንት ቤተሰብ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ ነበር! ኢትዮጵያዊው ሯጭ ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆኖ ቆይቶ፣ በጉዳት የወጣውን ሲሳይ ለማን ተክቶ ገባ። በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ።

ውጤቱን ማታ በዜና መስማትም ይቻል ነበር። የቀጥታ ሥርጭት ግን የራሱ ጸጋ አለው፤ መጨረሻውን ማንም አያውቅም። አያትም የልጅ ልጅም እኩል ይጨነቃሉ፣ እኩል ይጮኻሉ። ቤቱ በእልልታ ሲናጋ የግቢው ውሻ ጆሮውን ቀስሮ በሩ ላይ ይቆማል። ሌባ የመጣ መስሎት ይጮኻል፤ የልጆቹን ዝላይ ሲያይ ግን ጭራውን እየቆላ መሀላቸው ይገባል። ስለ ማራቶን የሚያውቀው ነገር የለም፤ የቤቱን ደስታ ግን ያውቃል።

ልጆችም ሲያድጉ ታምራት የገባበትን ሰዓት ይረሱት ይሆናል፤ ከማን ጋር ተቀምጠው እንዳዩት ግን አይረሱም። ዛሬ ሁላችንም በየስልካችን ለየብቻ ማየት ቀሎናል። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ውድድር ስልኩን አስቀምጡ፣ ቡናውን አፍሉ፣ ልጆቹን ጥሩ፤ ውሻውም ብቅ ቢል አታባርሩት።