ፋይሉ ሩቅ ነው፤ ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

(የኮምፒዩተር ትምህርት ለሚጀምሩ ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው፣ ብዙ ሰው በአንድ ጠንካራ ኮምፒዩተር ላይ በአንድ ጊዜ እንዴት መሥራት እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ ያ ኮምፒዩተር የያዘውን ነገር ማን እንዲከፍት ይፈቀድለታል የሚለው ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከበደ ነው። ስደተኛ ከቤቱ ይዞት የሚወጣው ንብረት ጥቂት ነው። ስሙ፣ የቤተሰቡ ዝርዝር፣ ከአገሩ የወጣበት ምክንያትና ማመልከቻው ግን የቀሩለት ሀብቶቹ ናቸው። እነዚህ ከማይገባው ሰው እጅ ከገቡ ጉዳቱ በእርሱ ብቻ አያበቃም፤ አገር ቤት በቀሩት ዘመዶቹም ላይ ሊደርስ ይችላል።

ቲን ክላይንት ምንድን ነው?

ቲን ክላይንት ማለት «ቀጭን ተገልጋይ» እንደማለት ነው። ስክሪን፣ የፊደል ገበታና ማውስ የተገጠመለት አነስተኛ መሣሪያ ነው። በውስጡ የሚቀመጥ ፋይል የለም። ተጠቃሚው አንድ ፊደል ሲጫን መልእክቱ ሰርቨር ወደሚባለው ዋና ኮምፒዩተር ይሄዳል። ሰርቨሩ ሥራውን ይሠራና የስክሪኑን ምስል መልሶ ይልካል። የምናየው ምስሉን ብቻ ነው፤ ጽሑፉም ፕሮግራሙም ያሉት ሰርቨሩ ላይ ነው።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። ገንዘብ የምናወጣበት የባንክ ማሽን በዚህ በኩል ይመስለዋል። የሒሳባችን መዝገብ በማሽኑ ውስጥ የለም። ማሽኑ ማዕከሉን ይጠይቃል፣ ማዕከሉ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። አገራችንም ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር ለማገናኘት በ1990ዎቹ ማብቂያ ዓ.ም. የወረዳኔት መረብን ስትዘረጋ፣ ርቆ ያለ ጽሕፈት ቤት በማዕከል ያለውን አገልግሎት እንዲያገኝ ታስቦ ነበር።

በዓለም ላይ ይህ አሠራር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ሲትሪክስ የተባለው ኩባንያ በ1995 ዊንፍሬም የተሰኘውን ፕሮግራም አወጣ። ማይክሮሶፍት በ1998 የዊንዶውስ ኤን ቲ 4ን ተርሚናል ሰርቨር አስከተለ። በ1999 ደግሞ በነጻ የሚገኘው የሊኑክስ ተርሚናል ሰርቨር ፕሮጀክት ተጀመረ። ይህ የመጨረሻው ለእንደኛ ዓይነቱ ቦታ ይስማማል። ሃርድ ዲስኩ የተበላሸ አሮጌ ኮምፒዩተር እንኳ ከሰርቨሩ በኬብል ተነሥቶ ሊሠራ ይችላል።

ጥቅሙና ጉዳቱ

ጥቅሙ ብዙ ነው። ትንሹ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከ20 ዋት በታች ስለሚወስድ በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ ክፍል ይመቻል። አሥር መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው 15 ዋት ቢወስዱ በድምሩ 150 ዋት ነው፤ የስክሪኖቹና የሰርቨሩ ለብቻው ይታሰባል። አንዱ መሣሪያ ቢሰረቅ ሌባው ዕቃ እንጂ ፋይል አያገኝም። ጥገናውም አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ሲስተካከል ሁሉም ይስተካከላሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ለመሥራት ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ማከፋፈያ ስዊችና ኬብል ይበቃሉ።

ጉዳቱ ደግሞ ከጥቅሙ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ሁሉን በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ማለት አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል ማለት ነው። ለዚህ ካርቱም ትልቅ ትምህርት ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ የዘይን፣ የሱዳኒና የኤም ቲ ኤን መረቦች ተከታትለው ተቋረጡ። ጦርነት ባልነበረበት በፖርት ሱዳን ያለ ሰው ሳይቀር ስልኩ ዝም አለበት። ዋና ዋናዎቹ ማዕከሎች ካርቱም ስለነበሩ የካርቱም መዘጋት የአገሩ ሁሉ መዘጋት ሆነ። በባንካክ ገንዘብ ተልኮለት እንጀራ የሚገዛው ሰው በአካውንቱ ገንዘብ እያለው ባዶ እጁን ቀረ።

ስለዚህ ክፍል ስንከፍት የሰርቨሩ ቅጂ በሌላ ዲስክ መያዝ አለበት። ዲስኩም ከሰርቨሩ ጎን ሳይሆን በሌላ ቤት፣ ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። ቅጂው መመለስ መቻሉንም በየጊዜው መሞከር ያስፈልጋል። ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

ማን ምን ይክፈት?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቁጥጥሩ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል። ማን ነህ? ምን ተፈቅዶልሃል? ምን ሠራህ? የመጀመሪያው በስምና በይለፍ ቃል ይመለሳል። ሁለተኛው በሥራ ድርሻ ይወሰናል። ሦስተኛው ሰርቨሩ በሚይዘው መዝገብ ይታወቃል።

የሥራ ድርሻን በምሳሌ እናስረዳ። ጀማሪ ተማሪ የመጻፊያ ፕሮግራሙንና የራሱን ፋይል ብቻ ይክፈት። አስተማሪው የተማሪዎቹን መልመጃ ይመልከት። ማመልከቻ የሚጽፍልን ሰው የያዘውን ማመልከቻ እንጂ የጎረቤቱን አይይ። የሰርቨሩ ኃላፊ ማሽኑን ይጠግን፤ ይህ ግን የሰውን ደብዳቤ ለማንበብ ፈቃድ አይሆነውም። ለእያንዳንዱ ሥራው የሚጠይቀውን ያህል ብቻ መስጠት የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ሕግ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። የሰርቨሩ ኃላፊ በቴክኒኩ በኩል ብዙ ማየት ይችላል። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ለተጠቃሚው አስቀድሞ ይነገረው። ለዚህም ነው ዋናውን ቁልፍ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይዝ፣ የሥራውም መዝገብ በሌላ ሰው እንዲታይ የምንመክረው።

የመቆጣጠሪያው በር ሲከፈት ምን እንደሚሆን አገራችን አይታለች። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣት ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታውቋል። ከውጭ የመጣ ሌባ ሳይኖር፣ «ይህ ሰው ይህን ያህል ይፈቀድለታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በትክክል ሳይመለስ መቅረቱ ብቻ ይህን አደረገ።

የሚቀጥለው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሰርቨሮቹ እንደተሰበሩ አስታወቀ። በውስጣቸው ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ ነበር። አብዛኞቹ በጦርነት፣ በስደትና በአደጋ ከቤተሰባቸው የተለያዩ፣ የጠፉና የታሰሩ ሰዎች ነበሩ። ሰርጎ ገቦቹ ሳይጠገን በቆየ የፕሮግራም ቀዳዳ ገብተው የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያዙ። እስኪታወቅባቸው 70 ቀን አለፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጥገናና የመዝገብ ክትትል ከዘገዩ ጥቅማቸው ይቀንሳል።

የእኛስ ምዝገባ?

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ባዮሜትሪክ ሲስተም የአሥር ጣት አሻራና የዓይን አይሪስ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 በማላዊ ድዛሌካ መጠለያ ተሞክሮ በ2015 ወደ ሌሎች አገሮች መሠራጨት ጀመረ። መረጃውም በማዕከል ይያዛል። ስለዚህ መዝጋቢው ፊት ያለው ኮምፒዩተር ዋናው ጎተራ አይደለም። ኮሚሽኑ በሜይ 2015 ያወጣው የመረጃ ጥበቃ ፖሊሲ፣ ተመዝጋቢው መረጃው ለምን እንደተሰበሰበ እንዲነገረው፣ መረጃውን እንዲያይና ስሕተት ካለ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ይገልጻል። ስማችሁ ወይም የልጃችሁ የልደት ቀን ተሳስቶ ከሆነ በትሕትና ግን በግልጽ ጠይቁ። የጥያቄያችሁን ቀንና የሰጣችሁትን ወረቀት ቅጂ ያዙ።

ለጀማሪዎች የምንሰጠው ምክር

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጠው። በጋራ ስም ከተገባ መዝገቡ ማን ምን እንደሠራ ሊናገር አይችልም።

ሁለተኛ፣ የይለፍ ቃላችሁን ለአስተማሪም፣ ለጓደኛም፣ ለሠራተኛም አትንገሩ። ለሥራው እውነተኛ ኃላፊ የይለፍ ቃላችሁ አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ ስክሪኑን ማጥፋት መውጣት አይደለም። መሣሪያው ቢጠፋም ሥራችሁ ሰርቨሩ ላይ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል። «ውጣ» የሚለውን ተጭናችሁ ከወጣችሁ በኋላ ብቻ ተነሡ።

አራተኛ፣ ሥራውን የለቀቀ ወይም ወደ ሌላ አገር የሄደ ሰው መግቢያ በዚያው ቀን ይዘጋ። ይህ በሰው አለመታመን አይደለም፤ የቤት ቁልፍ ለአዲሱ ተከራይ እንደማስረከብ ነው።

አምስተኛ፣ ሰርቨሩን ከውጭ በኢንተርኔት ለመክፈት ካስፈለገ በሩ ለዓለም ሁሉ ክፍት አይሁን። በተመሰጠረ መንገድና በሁለት ማረጋገጫ፣ ማለትም በይለፍ ቃልና በስልክ በሚመጣ ወይም በሚወጣ ቁጥር ይሁን። ለሁሉ የተከፈተ የርቀት በር ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች አዘውትረው የሚያንኳኩት በር ነው።

ስድስተኛ፣ የማያስፈልግን መረጃ አትጻፉ። ለመጻፍ ትምህርት የሚሆን መልመጃ እውነተኛ የስደት ታሪክ መሆን የለበትም። ያልተጻፈ ነገር አይሰረቅም።

ወገኖቻችን፣ ይህን ሁሉ ያልነው ኮምፒዩተርን እንድትፈሩ አይደለም። ከክፍሉ ስትገቡ «ይህን የምጽፈው ማን ያየዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የማይሰጣችሁ ክፍል ካለ ማመልከቻችሁን በእጃችሁ ጻፉ። መልስ የሚሰጣችሁ ከሆነ ግን ተቀመጡና ተማሩ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።