ክብደት ከጨመሩ በኋላ እንደገና ስለ መሮጥ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሩጫ እንደምንናገር የሰማ አንድ ጓደኛችን፥ «እናንተ ስለ ሩጫ? ስለ ምሳ ብትናገሩ አይሻልም?» ብሎናል። አልተቀየምነውም። ሦስታችን በአንድ መኝታ ክፍል የምንኖር ስንሆን፥ ሚዛን ላይ ስንወጣ ከ90 ኪሎ በታች የሆነ ከመካከላችን የለም። ይሁን እንጂ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ ሦስታችንም ሯጮች ነበርን። ስለዚህ ንግግራችን ሮጦ ስለማያውቅ ሰው ሳይሆን፥ ሮጦ ስለ ተወና እንደገና ሊጀምር ስለሚፈልግ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከጀማሪው ይልቅ ችግሩ የበዛ መሆኑን በራሳችን አይተናል።

አስቀድመን ነገሩ ለምን እንዳሳሰበን እንናገር። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ወገራ ወደሚኖሩት ቤተሰቦቹ ሄዶ ነበር። እናቱ ገና ከደጅ ስታየው፥ «ተመስገን! ሥጋ አወጣህ፤ አማረብህ» አለችው። በአገራችን መወፈር የድሎት ምልክት ስለሆነ እሱም ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ግን አንዲት ጎረቤት ምጥ ጸናባት። ቃሬዛ ተበጀ፤ ጎረምሶች ተጠሩ፤ ዳገቱን አውጥተው መኪና ወዳለበት መንገድ ሊያደርሷት ተነሡ። እሱም ትከሻውን ሰጠ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደ ሄደ ትንፋሹ አጠረ፤ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፤ ቃሬዛው በእሱ በኩል አዘመመ። ከኋላ ይከተል የነበረ አንድ ትንሽ እረኛ፥ ቃል ሳይናገር ትከሻውን አስገብቶ ተካው። ሴትዮዋ ደኅና ደርሳ በሰላም ተገላገለች። የኛ ሰው ግን የቀረውን መንገድ የሌሎቹን ዱላ ይዞ ከኋላ ተከተለ። የሰፈሩ አባቶች «አይፈረድበትም፤ ትምህርቱ አድክሞት ነው» አሉለት። እሱን ያንገበገበው ይኸው አይፈረድበትም መባሉ ነው።

ምን አወፈረን ብለን ስንመረምር፥ ምግባችን አልጨመረም ብንል ውሸት ይሆናል። ስኳር የበዛበት ሻይና በየመንገዱ የሚጠበሰው ቦምቦሊኖ ድርሻ አላቸው። ዋናው ግን የቀረብን መንገድ ነው። ያ ጓደኛችን ተማሪ ሳለ ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፥ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሩ ይጓዝ ነበር። በሳምንት 15 ሰዓት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ ቢያንስ ይበቃል የሚለው መጠነኛ እንቅስቃሴ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው። የዚያን ስድስት እጥፍ ይሠራ የነበረ ልጅ፥ ያንን ስፖርት ብሎ የሚጠራው ስላልነበረ መተዉንም አላወቀም። ዛሬ ከመኝታ ቤት እስከ ክፍል ጥቂት መቶ እርምጃ ነው፤ ወደ ፒያሳ ለመውጣት ደግሞ ባጃጅ አለ።

ሌላው ያሳሳተን ነገር የደገኛ ልጅነታችን ነው። «ሩጫ በደማችን ያለ ነው፤ በፈለግን ጊዜ እንነሣለን» እንል ነበር። ስለ ደማችን በእርግጥ የተጻፈ ነገር አለ። በ1995 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፥ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ከባሕር ጠረፍ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ መገኘቱን ያመለክታል። ይህ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ደም ቢረዳም የጨመረውን 25 ኪሎ የሚሸከሙት ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ናቸው። አየሩም ቢሆን ለማንም አያደላም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች፥ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በአምስት አንድ ያህል ያንሳል። ደባርቅ ሲደርሱ ጉድለቱ ከሩብ ያልፋል።

ይህን ሳናስተውል በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ተነሥተን ወደ ጎሐ ዳገት ሮጥን፤ አሯሯጣችንም የአሥረኛ ክፍሉ ነበር። ከግማሽ መንገድ በፊት አንዳችን አስታወከ። ሆኖም እልህ ይዞን ሦስት ሳምንት ቀጠልን። ትንፋሻችንም እየተሻለ ሄደ፤ እነሆ ተመለስን ብለን እርስ በርሳችን ተመሰጋገንን። በአራተኛው ሳምንት የአንዳችን ቅልጥም፥ የሌላችን ጉልበት ታመመና ሁለቱ እያነከሱ ቀሩ።

የሕክምና ተማሪ የሆነ ወዳጃችን ምክንያቱን አስረዳን፤ ይህን ጉዳይ ሁላችሁም ልብ እንድትሉት እንፈልጋለን። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ሥራ ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትንፋሽ «ጨምር» በሚልበት ሰዓት እግር ገና አልተዘጋጀም። ሰው ሲሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬት እግሩን መልሶ የሚመታው የክብደቱን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ በሚሆን ኃይል ነው። 90 ኪሎ የሆነ ሰው ከ180 ኪሎ በላይ በአንድ እግሩ ይቀበላል ማለት ነው። ሮጦ የማያውቅ ወፍራም ሰው ራሱን ስለሚፈራ በዝግታ ይጀምራል። የቀድሞው ሯጭ ግን የድሮውን ፍጥነቱን ያስታውሳል፤ የሚጎዳውም ይኸው ትዝታው ነው።

ሁለተኛውን ሙከራ የጀመርነው በእርምጃ ነው። ለአንድ ወር ያህል ሩጫ የሚባል ነገር አልሞከርንም፤ በፍጥነት መራመድ ብቻ ነበር። ከዚያም አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፥ ሦስት ደቂቃ እርምጃ፤ ይህንኑ ስድስት ጊዜ መደጋገም፤ በሳምንት ሦስት ቀን፥ በመካከሉ እያረፉ። ሶምሶማው ላይ ሳለን እርስ በርሳችን ማውራት ካቃተን ፈጥነናል ማለት ስለሆነ እናዘግማለን። ዳገቱን ትተን ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ለጥ ያለውን ክፍል መረጥን፤ ቁልቁለት ላይ መሮጥማ ለጉልበት ከዳገቱም የባሰ መሆኑን ተምረናል። ጫማ በተመለከተ፥ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን እየጠቀሰ የሚከራከረን አለ። አበበ ቀጭን ነበረ፤ በቶክዮም በ1957 ዓ.ም. ሲያሸንፍ ጫማ አድርጎ ነበር። እኛ ከሰልባጅ ተራ ሶሉ ያላለቀ ጫማ መርጠን ገዛን፤ ኮንጎውን ለመታጠቢያ ቤት አስቀረነው።

ቶሎ እንከሳለን ብላችሁ ግን አትጀምሩ። 90 ኪሎ የሆነ ሰው 3 ኪሎሜትር ቢሮጥ የሚያቃጥለው 270 ካሎሪ ያህል ነው፤ ይህ ደግሞ አንድ ሙሉ እንጀራ እንኳ አይሆንም። እኛ በአራት ወር የቀነስነው በያንዳንዳችን ከአምስት ኪሎ አይበልጥም፤ እሱም ቢሆን የሻዩን ስኳር ስለ ተውን ጭምር ነው። በጾም ወቅት ውኃ ሳይቀምሱ ማለዳ መሮጥ አይመከርም፤ እኛ ወደ ማታ እንራመዳለን። ደረቱን የሚወጋው ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰው ቢኖር ያቁምና ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ደም ግፊትንም አስቀድሞ መለካት መልካም ነው።

ከጉልበቱ ሕመም ይልቅ የከበደን ግን ዕፍረቱ ነው። በከተማችን አዋቂ ሰው ሲሮጥ ያየ ሁሉ መርዶ ነጋሪ ይመስለዋል። አንድ ማለዳ ነጠላቸውን ተከናንበው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ አንዲት እናት አስቁመውን፥ «ልጆቼ፥ ምን ሆናችሁ? ማን ታመመ?» አሉን። «ማንም አልታመመም እማማ፤ ለጤናችን ነው» ብንላቸው፥ «ጤና ካላችሁ ታዲያ ምን አስሮጣችሁ?» ብለው አማተቡ። መልስ አላገኘንላቸውም። ጫማ ጠራጊ ልጆችም «አይዞህ ወፍሮ!» እያሉ አብረውን ይሮጣሉ፤ እነሱ በእርምጃ ያህል ነው የሚሮጡት። እኅቶቻችን ደግሞ ከዚህ የባሰ እንደሚሰሙ ነግረውናል፤ ከመካከላቸው ሁለቱ በዚሁ ምክንያት ትተውታል።

እዚህ ላይ የደራርቱ ቱሉን ነገር እናንሣ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። ከዚያ ጉዳትና የልጅ መውለድ ከሩጫው አራቋት፤ ብዙ ሰውም አበቃላት ብሎ ነበር። መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ30 ደቂቃ ከ17 ሰኮንድ ተኩል ገደማ ያንኑ ርቀት እንደገና አሸነፈች። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክን ማራቶን ወሰደች። እኛ ደራርቱ አይደለንም፤ ሜዳልያም አናስብም። የምንቀናው ግን ባሸነፈችበት ቀን ሳይሆን፥ ወልዳ ከተነሣች በኋላ መጀመሪያ በሮጠችበት ማለዳ ነው፤ ያን ዕለት ጭብጨባ እንዳልነበረ እንገምታለንና።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ልመና አለን። በሳምንት ሁለት ቀን፥ የቡድኑ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰዓት፥ ሜዳው ለዘገምተኞች ይለቀቅ። ለእኅቶቻችንም ከመንገዱ ይልቅ ይህ ይሻላቸዋል። ከመምህራኖቻችንም ሊመጡ የሚፈልጉ እንዳሉ በሹክሹክታ ሰምተናል፤ ማን እንደሆኑ አንናገርም።

ጓደኛችን ሐምሌ ላይ እንደገና ወደ ወገራ ይወርዳል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የ20 ኪሎ የጤፍ ከረጢት በትከሻው አድርጎ የመኝታ ቤቱን ደረጃ መውጣትና መውረድ ጀምሯል፤ ማታ ማታ የምትሰሙት ድምፅ የእሱ ነው፤ ታገሡት። እኛ የፊታችን ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት በትልቁ በር ላይ እንቆማለን። ሰዓት መያዣ ይዞ የሚመጣ ሰው ይመለሳል።