ከገና በፊት ያለው ሳምንት
(ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ባሕር ዳር በተደረገው የአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

 ለዛሬ የተያዘልን የግማሽ ዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት እንድናቀርብ ነበር። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ፣ የተሰጠንን ደቂቃ ለሌላ ጉዳይ እንድንጠቀምበት ፍቀዱልን።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እኛ የሒሳብ ሠራተኛዋና ገንዘብ ያዥዋ ለአባላት ልጆች የተገዛውን ደብተር ለማስረከብ ሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄድን። ለገና ስድስት ቀን ቀርቶታል። እውነቱን ለመናገር፣ ልጆቹ ሲጫወቱ እናገኛቸዋለን ብለን ነበር። በበዓል ሰሞን ማን ያስተምራል?

አራተኛ ክፍል ስንገባ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጽፋለች፦ ዘንድሮ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ግን 28 ዋለ፤ ለምን? ልጆቹ ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ከዚያ 5500 ላይ 2016 እንዲደምሩ አዘዘቻቸው፤ 7516 መጣ። ለ4 ሲያካፍሉት ምንም አልተረፈም። ቀሪ ከሌለ ዘመኑ ዮሐንስ ነው፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ በዚያች አንድ ቀን ምክንያት በቀጣዩ የዮሐንስ ዓመት ገና በ28 ይውላል። አያቶቻችን ይህን በቃላቸው ይዘውታል። አራተኛ ክፍሎቹ ግን በማካፈል ደረሱበት።

ቀጥላ ሁሉም የተወለደበትን ዓመት እንዲያሰላ አደረገች። የ2008ቶቹ «ቀሪ የለንም!» ብለው ክፍሉን አናወጡት። አንዲት ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ደብተሯን ከፍ አድርጋ «ቲቸር፣ የኔ 2007 ነው፣ ሦስት ተረፈኝ፤ ጳጉሜን ስድስት የሆነችው በኔ ዓመት ነው!» አለች። እኛም በደረሰኙ ጀርባ የራሳችንን ስናሰላ ተገኘን። ሁለት ዓመት ኮሌጅ ተቀምጠን ዲፕሎማ ስንይዝ ማካፈል እንዲህ ይጣፍጣል ያለን አልነበረም።

ደብተሩን ለማደል ስም ስንጠራ ግን አራት ልጆች አልነበሩም። አራቱም ሴቶች ናቸው፤ አራቱም የእኛ የአባላት ልጆች። «የበዓል ነገር ሆኖ ነው» አልን። መምህርቷ የስም መቆጣጠሪያዋን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ «በዓልማ ዛሬ የመጣ ነው። እነዚህ ልጆች ከኅዳር ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ አይመጡም» አለችን።

ሐሙስ ጠዋት ምን እንዳለ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም። የቁጠባና የብድር መመለሻ ቀናችን ነው። እናት ወደ ማኅበር ስትመጣ ትልቋ ልጅ ሕፃን ትይዛለች፣ ወይም ጉልቱን ትጠብቃለች። ቀኑን ከእሑድ ወደ ሐሙስ ያዞርነው ደግሞ እኛው ሒሳብ ያዦቹ ነን። ባንክ ክፍት ስለሚሆን ገንዘቡ ቢሮ ሳያድር እንዲገባ ብለን ነው። በመዝገብ ረገድ ትክክል ነበር፤ አንድ ብር አልጎደለም። በገና ሰሞን ጭራሽ ለቅቤና ለሽንኩርት ክፍፍል ብለን ማክሰኞ ጠዋትንም ጨመርንበት።

በውጭ አገር በፈረንጆቹ ገና ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ብዙ ቦታ አለ፤ የተማሩትን ተምረው፣ ቦርሳቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። የእኛ ገና ግን የአንድ ቀን በዓል ነው። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ነው፤ ከዚያ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ይመጣል፤ ዕረፍቱ ከፈተናው በኋላ ነው። ስለዚህ ያ ሳምንት ለፈተና የሚቀርብ ትምህርት ያለበት ሳምንት ነው። ደብተር ተውሶ መገልበጥ ይቻላል፤ ግን ቀሪው ለምን ሦስት እንደሆነ በደብተር ላይ አይጻፍም። ደግሞስ በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የኛ ተከፍቶ እያለ ልጆቹን እኛ እናስቀራቸው?

ነገሩን ለሥራ አመራር ስናቀርብ አንዲት ታላቅ እህታችን ቆጣ ብለው፣ «በበዓል ካልተሸጠ ደብተሩስ ከየት ይመጣል?» አሉን። ልክ ናቸው። ቅዳሜ ይሁን ስንል ቅዳሜ ገበያ ነው ተባለ። ያም ልክ ነው። በመጨረሻ ሐሙስ 11 ሰዓት፣ ልጆች ከተለቀቁ በኋላ እንዲሆን ተስማማን። ገንዘቡ ባለ ሦስት ቁልፉ ሣጥን ውስጥ ያድራል፤ ቁልፎቹ በሦስት አባላት እጅ ናቸው። እንቅልፍ የሚነሳው ለእኛ ነው፤ እንልመደው።

በሙከራ ከጀመርን ሦስት ሐሙስ ሆነ። ከአራቱ ልጆች ሦስቱ ሳያጓድሉ ገብተዋል። አራተኛዋ አልገባችም። እናቷ ጎህ ሳይቀድ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤት ያደርሳሉ፤ ታናሹን የሚይዝላቸው ሰው የለም። ሰዓት መቀየር ለእሳቸው አልጠቀመም።

ድጋፍ አድራጊዎቻችን፣ ዛሬ ገንዘብ አንጠይቃችሁም። አዳራሹ ጠዋት ጠዋት ባዶ ነው። ምንጣፍ አለ፣ ውኃ አለ። የጎደለው ተራ ገብቶ ሕፃናት የሚይዝ ሰው ነው።

ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት ከገናውም የባሱ ናቸው፤ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይመጣል። ለእነዚያ ዘጠኝ የትምህርት ቀናት ሕፃን የሚይዙ አባላትን ስም የሚመዘግብ ወረቀት ከኋላ ወንበር ጀምሮ እየዞረ ነው። ሰባቱ ቀን ተሞልቷል። የሚያዝያ 1 እና የመጋቢት 24 ቦታ ገና ክፍት ነው፤ ሁለቱም ሐሙስ ናቸው። እስክሪብቶ የሌላችሁ ከእኛ ውሰዱ።