ስሙ ሲለወጥ መርዙ አይለወጥም
በፍራፍሬ ተባዮች መድኃኒት መቋቋም ላይ የቀረበ ንግግር፤ ሮም፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ



እ.ኤ.አ. በ1914 አክሴል ሜላንደር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ነፍሳት ርጭትን ሊቋቋሙ ይችሉ እንደሆነ የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተመ። ጥያቄውን ያስነሣው በዋሽንግተን ግዛት የፍራፍሬ ዛፎች ላይ የሰፈረው «ሳን ሆዜ» የተሰኘ ቅርፊት ለበስ ተባይ ነበር። የኖራና የድኝ ውሁድ በአንዳንድ ስፍራ አልገድለው ብሎ ነበር። ጽሑፉ ነፍሳት መድኃኒትን ስለ መቋቋማቸው የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ዘገባ ሆኖ ይጠቀሳል።

የዚያ ተባይ ዘመድ ዛሬ በኢትዮጵያ ማንጎ ላይ ሰፍሯል። የማንጎ ነጭ ቅርፊት ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ታየ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛመተ። እንስቷ በሰም መሰል ቅርፊት ስለምትከለል ርጭት በቀላሉ አያገኛትም፤ ያረጁት ዛፎችም ረጃጅሞች ናቸው። ስለዚህ ገበሬው ርጭቱን ቢደጋግም አይፈረድበትም። ነገር ግን አንድ ዓይነት መርዝ በተደጋገመ ቁጥር ደካማው ተባይ ይሞታል፤ በተፈጥሮው የሚቋቋመው ይተርፋል፤ የተረፈውም ብርታቱን ለልጆቹ ያወርሳል።

ነገሩን የሚያባብሰው የንግድ ስም ነው። ገበሬው አንዱ መድኃኒት ሲደክምበት ሌላ ስም ያለውን ይገዛል። ሁለቱም የተባዩን አካል በአንድ መንገድ የሚያጠቁ ከሆነ ግን የተለወጠው ጠርሙሱ ብቻ ነው።

በሰሜን ኢጣልያ የፖም ትል በርካታ መድኃኒቶችን ተቋቁሟል። በትሬንቲኖና በደቡብ ቲሮል የሚገኙ አምራቾች ዛሬ ወንዱ የእሳት ራት እንስቷን እንዳያገኝ የሚያደናግር ፌሮሞን በሰፊው ይጠቀማሉ። መርዝ ብቸኛው መፍትሔ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

ኢትዮጵያ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አላት። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም በዚሁ በሮም ተቀምጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ፀረ ተባይ ሥርጭትና አጠቃቀም ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር መመሪያ አጽድቋል። በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ሦስት ነገር ሊደነገግ ይገባል።

1. በእያንዳንዱ መድኃኒት መለያ ላይ የአሠራር ምድቡ ቁጥር በጉልህ ይጻፍ፤ ገበሬው የሚያፈራርቀው ስምን ሳይሆን ምድብን ይሁን።
2. ከየአካባቢው የሚሰበሰቡ ተባዮች በየጊዜው ይፈተሹ፤ ውጤቱም ለምዝገባ እድሳት መመዘኛ ይሁን።
3. ዛፍ ለመግረዝና የተባዩን የተፈጥሮ ጠላቶች ለመጠበቅ የሚያግዝ በጀት ለግብርና ኤክስቴንሽን ይመደብ።

መድኃኒቱ ኃይሉን ካጣ በኋላ የሚወጣ ደንብ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ማንጎውን ለማዳን ጊዜው አሁን ነው።