ልጆቻችን የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ ሲመርጡ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ ነርስ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ለመናገር መነሣቴ ሊገርማችሁ ይችላል። ያነሣሣኝ ዕውቀቴ ሳይሆን ጥፋቴ ነው።

የመጀመሪያ ልጄ እዚህ አሜሪካ ሜካኒካል ምህንድስና ሲገባ ከሁለት የፕሮግራሚንግ ኮርሶች አንዱን ምረጥ ተባለ። አንደኛው ለምህንድስና ተማሪዎች የተዘጋጀ፣ በማትላብ የሚሰጥ ነበር። ሁለተኛው የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በሲ ፕላስ ፕላስ የሚማሩት ነው። ልጄ ከዚያ በፊት አንድ መስመር ኮድ ጽፎ አያውቅም። «እማዬ፣ የመጀመሪያው ይሻለኛል» አለኝ። እኔ ግን በዚያው ሰሞን ሰርግ ቤት የሰው ልጅ ሲሞገስ ሰምቼ ስለነበር፣ «አንተ ከማን ታንሳለህ? ከባዱን ውሰድ» አልኩት። እሺ ብሎ ወሰደ።

ከሌሊት ሥራ ስመለስ የክፍሉ መብራት እንደበራ አገኘዋለሁ። በርትቶ እያጠና ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ ግራ ገብቶት ነው። አሳፍርሻለሁ ብሎ ሳይነግረኝ ኮርስ መቀየር የሚቻልበት ቀን አለፈ። መጨረሻ ላይ ዲ አመጣ። ስኮላርሺፑ በአማካይ ውጤቱ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ስንጨነቅ ከረምን። በሚቀጥለው መንፈቅ ያን የፈለገውን ኮርስ ወስዶ በጥሩ ውጤት አለፈ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ሳልመረምር ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

እኛ ነርሶች መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት አምስት ነገር እናረጋግጣለን፦ ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው አሰጣጥ፣ ትክክለኛው ሰዓት። ለማላውቀው ሕመምተኛ የማደርገውን ጥንቃቄ ለልጄ ነፈግሁት። ከዚያ ወዲህ ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የትምህርት ክፍሉ የትኛውን ኮርስ እንደሚቀበል አማካሪውን ጠይቁ። ለኤሌክትሪካልና ለኮምፒውተር ምህንድስና ብዙ ጊዜ ሲ ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ ይፈለጋል፤ በየመሣሪያው ውስጥ ያሉ ትንንሽ ቺፖች በአብዛኛው የሚታዘዙት በእነዚህ ቋንቋዎች ነውና። ለሲቪል፣ ለሜካኒካልና ለኬሚካል ማትላብ ወይም ፓይተን ለስሌትና ለግራፍ በጣም ይጠቅማል። ዘርፍ የመቀየር ሐሳብ ያለው ልጅ ደግሞ በሁለቱም ዘርፍ የሚቆጠርለትን ይፈልግ።

ሁለተኛ፣ መነሻችሁን እወቁ። «ልምድ አያስፈልግም» በተባለ ክፍል ውስጥም ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ ጃቫ የተማሩ ልጆች ይቀመጣሉ። እነሱን አይታችሁ አትደንግጡ። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን አጻጻፉ ቀለል ስለሚል ለጀማሪ ይመቻል። ፊደል የቆጠረ ሰው ሌላውንም በዚያው ፊደል የተጻፈ ለማንበብ እንደማይቸገር ሁሉ፣ አንዱን የፕሮግራም ቋንቋ በደንብ የያዘ ሁለተኛው አይከብደውም። የሃርቫርድን ሲኤስ 50 ትምህርት በክረምቱ በኢንተርኔት በነፃ መሞከር ይቻላል፤ በስክራች ጀምሮ ወደ ሲ፣ ቀጥሎም ወደ ፓይተን ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ጭነቱን መዝኑ። ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ በአንድ መንፈቅ ከተደራረቡ ከባዱን ኮርስ ለሌላ ጊዜ ማቆየት ሽንፈት አይደለም። ኮርስ የሚቀየርበትን የመጨረሻ ቀን ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። መምህሩ ተማሪ በሚያነጋግርበት ሰዓት ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሂዱ፤ ፈተና ከወደቃችሁ በኋላ አይደለም።

አገር ቤት ያሉ ወንድሞቻችሁና እህቶቻችሁ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ ኮምፒውተር በቅጡ ነክተው አያውቁም። ከእናንተ አንዳንዶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት በቴሌግራም ቢያስጠኗቸው ለማኅበራችን ከገንዘብ የማያንስ መዋጮ ነው። ማትላብ በክፍያ ነው፤ ኦክታቭ የሚባለው ተመሳሳዩ ግን ነፃ ነው። ልጄ ፈቃደኛ ሆኖ ስሙን አስመዝግቧል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችን «ይህ ይሻለኛል» ሲለን ቢያንስ «ለምን?» ብለን እንጠይቀው። እኔ ያን አንድ ቃል ብጠይቅ ኖሮ ያ ዓመት እንዲያ ባልከበደን ነበር።